ምሳ አለ

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሠራተኛ ንግግር ሲዘጋጅ፣ እንግዳው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው ምሳ አለ ወይ ነው። የእኛ የጥቁር ሠራተኞች ማኅበር፣ በግቢው አጠራር ኢአርጂ፣ ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ማስታወቂያው ላይ «ምሳ አለ» የሚለው ከእንግዳዋ ስም በላይ ደምቆ ይጻፋል። ከሥሩ «ለሁሉም ክፍት ነው» የምትል አለች። እሷን ሊቀመንበራችን የጨመረቻት ቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን የብዝኃነት ቢሮዎች ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በሕግ ከከለከለች ወዲህ ነው። እኛ ያለነው ሜሪላንድ ቢሆንም ሴትዮዋ ጥንቁቅ ናት።

እንጀራዬ ደሞዝ ክፍል ነው፤ የማኅበሩ አዳራሽና ምግብ ግን እኔው ላይ ወድቋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳምቡሳ ላስመጣ ስል፣ ግቢው ከምግብ አቅራቢ ጋር ውል ስላለው የውጭ ምግብ አይገባም ተባልኩ። የተርኪ ሳንድዊች በካርቶን ታዘዘ። ቀኑም ረቡዕ፣ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ሆነ።

ሕንጻችንን ሌሊት የሚያጸዱ አንድ የአገሬ ሰው አሉ። ማስታወቂያውን አንብበው «እኔስ ሠራተኛ አይደለሁ?» አሉኝ።

«ኧረ ይምጡ፣ ጋሼ!»

ከሥራ የሚወጡት ከንጋቱ አንድ ሰዓት ነው። ቤት ገብተው ከተኙ እንደማይነሱ ስለሚያውቁ ምድር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አረፈዱ። ሲመጡ ኮት ለብሰው፣ ክራባት አስረው ነበር። ካርቶኑን ከፈት አድርገው ሥጋውን አዩና መልሰው ከደኑት።

«ረቡዕ እኮ ነው፣ ልጄ።»

የሳምቡሳውን ነገር በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ከካርቶኑ ፖምዋን ብቻ አወጡ።

ሊቀመንበሯ እንደ ልማዷ በታሪክ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1964 ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ብጥብጥ መነሳቱን፣ የዜሮክሱ አለቃ ጆሴፍ ዊልሰን ከጥቁር ሠራተኞቹ ጋር መነጋገሩን፣ በ1970 ደግሞ የመጀመሪያው የሚባለው እንዲህ ያለ ማኅበር መቋቋሙን አወጋችን። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደሞዝ ተጨመረላቸው?»

ስላይዱ ይህን አይመልስም። እኔም ባየሁት ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እነዚያ ሰዎች የተሰበሰቡት በሥራ እኩል ዕድል ለማግኘት ነበር፤ እኛ ሳንድዊች እየገመጥን መተንፈስ ልንማር ተሰብስበናል።

እንግዳዋ የመጣችው ስለ ሥራ ዝለትና ስለ ዕረፍት ልታስተምረን ነው። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ትከሻችሁን ልቀቁት፤ በረጅሙ ተንፍሱ» አለች። ጨፈንን። ትንሽ ቆይቶ ከጎኔ የማንኮራፋት ድምፅ ተነሳ፤ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለ፣ ኋላ አዳራሹን እየሞላ። «አሁን ግለጡ» ስትል ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ገለጥን። ሊቀመንበሯ ቀስቅሳቸው ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔም ያላየሁ መስዬ ወደ ጣሪያው አፈጠጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመን ሰው ስለ ዕረፍት ለማስተማር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሌላ ይፈለግ።

የነቁት በጭብጨባው ነው፤ እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ። የአስተያየት ቅጽ ሲታደል «አንተ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ጥሩ ነበር በል። የሚቀጥለውን ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አድርጉልን፤ ያኔ ሁላችንም እንገባለን።»

ሊቀመንበሯ ቅጹን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ሰዓት ምግብ አቅራቢው ዝግ ነው አለችኝ። ለጋሼ ተረጎምኩላቸው።

«ዝግ ከሆነማ» አሉ ክራባታቸውን እየፈቱ፣ «ሳምቡሳው ይገባላ!»