«ስትጫወቱ ይገባችኋል»

ለጓደኛ ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ የተማርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ወዳጄ ቤት ነው። ሳምንቱን ሲነዳ፣ በሽተኛ ሲያገላብጥ፣ ሌሊት በጥበቃ ሲያድር የከረመ ስድስት ሰው ቅዳሜ ማታ ካርታ ሊጫወት ተሰብስቧል። ኮንከርን ከሰፈር ይዘነው መጥተናል፤ ቴክሳስ ሆልደምን እዚሁ ለምደናል። ባለቤቱ ግን የምናውቀውን አጫውቶ ባዶ ጭንቅላታችንን ሊሰደን አልጨከነም። «ዛሬ ባዱጊ ነው» አለ።

ባዱጊ አራት ካርታ የሚታደልበት፣ ሦስት ጊዜ መለወጥ የሚቻልበት፣ ትንሹ ትልቁን የሚበላበት ፖከር ነው። ቁጥርም ዓይነትም መደገም የለበትም። የተደገመው አይቆጠርም። አስ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራትን ከአራቱም ዓይነት የያዘ ሰው ንጉሥ ነው። እኔ በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት፤ እሱ ጥብሱ እስኪረጋ ተነተነው። «ገባችሁ?» ሲል ዝም አልን። «ግድ የለም፣ ስትጫወቱ ይገባችኋል።»

20 ዶላራችንን አስይዘን ተቀመጥን። በወዘ፤ አደለ። ካርታዬን በጠርዙ ገለጥ ሳደርግ አራት ንጉሥ! ከ270,725 የአራት ካርታ አወጣጦች አንዷ፣ የሰው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ቢቀመጥ የማያያት፣ እጄ ላይ ገብታለች። (በዘመነ መሳፍንት የንጉሥ መብዛት ጎንደርን ምን እንደፈየዳት የማውቅ ሰው ነኝ፤ መጠርጠር ነበረብኝ።) «ስንት ትለውጣለህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት፣ ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ። ሦስቴ ጠየቀኝ፤ ሦስቴ ኮራሁበት። በየመሐሉ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ስገልጠው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፦ «አየህ፣ ሦስቱ ስለተደገሙ አይቆጠሩም። አንድ ንጉሥ ብቻ ነው ያለህ። በባዱጊ ከዚህ የባሰ እጅ የለም።» እውነቱን ነው፤ ገባኝ። ገንዘቡን እየሰበሰበ ነበር ያስረዳኝ፤ በሁለት እጁ እየሠራ በአፉ የሚያስተምር መምህር የት ይገኛል?

በሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታው ኦማሃ የሚባለው ፖከር ሆነ። አንዱ ወንድማችን ጠረጴዛው ላይ አራት ልብ አይቶ፣ እጁ ላይ ባለችው አንዲት ልብ ፍላሽ ሠራሁ ብሎ ሁሉን አስያዘ። ከእጅ የግድ ሁለት ካርታ መጠቀም እንዳለበት የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ቤዝቦል መጣ፦ ሦስትና ዘጠኝ ጆከር ይሆናሉ፣ አራት ተገልጦ የመጣለት ተጨማሪ ካርታ ይወስዳል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ሦስት ተገልጦ የወጣለት ሰው ወይ መሐል የተከማቸውን ያህል ይከፍላል ወይ ይወጣል። የእኛ ቤት ከእነዚያ አንዱ መሆኑን ያወቅነው ሦስት ሲወጣልን ነው።

ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ባለጉዳዩም ባለቤቱ ስለሆነ ነገሩ ጭቅጭቅ የለበትም። ድሮ ካርታው እየተጣለ ወሬ ይወራ ነበር፤ የአገር ቤት፣ የልጆች፣ የኪራይ። አሁን ጨዋታው ጨዋታችንን በላው፤ ሁላችንም ጣታችንን እየቆጠርን አራት ዓይነት ስንፈልግ እናመሻለን። ደስ የሚለው፣ በደንቡ ግራ ያልተጋባ ሰው ቢያንስ አንድ መኖሩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ውለታ መላሽ ልሁን ብዬ፣ «ዛሬስ ኮንከር ብንጫወት?» አልኩ።

ባለቤቱ ካርታውን መበወዙን አቆመ። «ኧረ ተው ወንድሜ» አለኝ፣ «እሱንማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»