እንቁላል በእግሩ ስለ መሄዱ፦ ከፉሪ እስከ ጀሞ የተደረገ ጥናት

መግቢያ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል በአገራችን ስለ እንቁላል ማጓጓዝ ከተነገሩት ንድፈ ሐሳቦች ሁሉ አንጋፋው ነው። ይሁንና አባባሉ እስከ ዛሬ ስለ ትዕግሥት ብቻ የተነገረ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ስለ ጭነት የሚለው ነገር ሳይጠና ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ቦታ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። የተመረጠውም በአንድ ወገን ዶሮ እንደ ልቧ የምትጭርባቸው የፉሪና የሃና ማርያም ግቢዎች፣ በሌላ ወገን ዶሮ ሰገነት ላይ ቆማ መኪና የምትቆጥርባቸው የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ስላሉበት ነው። ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል ከፊተኞቹ ወደ ኋለኞቹ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አውራው መጮህ ሲጀምር፣ ዶሮው በመጣበት መንገድ ይመለሳል።

ስለ ተጠኚዋ

ተጠኚዋ የሐበሻ ዶሮ ናት። በሰውነቷ ትንሽ ናት፤ በዓመት የምትጥለውም ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። እንቁላሏ ከፈረንጁ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ይበልጣል። ይህን የገበያ ሕግ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሊያብራሩት ይችሉ ይሆናል፤ የሳሪስ እናቶች ግን «አስኳሉን እየው» ብለው ጨርሰውታል።

ተመራማሪዎች የአገር ቤት ዶሮዎችን ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ እና መላጣ ብለው ይመድባሉ። አራቱ ምድባቸውን ያገኙት በላባቸው ነው፤ አምስተኛዋ ባለመኖሩ።

የፈረንጅ ዶሮ በዓመት ወደ 300 እንቁላል ትጥላለች፣ መታቀፍን ግን በዘር ምርጫ ትታዋለች። የሐበሻዋ አሥር፣ አሥራ አምስት ያህል ጥላ በራሷ ፈቃድ ሥራ ታቆምና ትታቀፋለች። ይህን እንደ ሥራ ማቆም አድማ የሚያዩ ባለቤቶች ሦስት የታወቁ እርምጃዎች አሏቸው፦ በአፍንጫዋ ላባ ማሳለፍ፣ ቁልቁል ማንጠልጠል እና ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት መላክ። ሦስተኛው በሠራተኛ አስተዳደር ቋንቋ ዝውውር ይባላል።

ስለ አውራው የሕግ ሁኔታ

ሱቅ ካለው ትሪ ላይ ተነሥቶ ዶሮ ሥር የተቀመጠ እንቁላል በ21ኛው ቀን የሚያወጣው ሽታ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በሚረቡበት ድርጅት አውራ አይቀመጥም፤ ዶሮ ደግሞ አውራ ኖረ አልኖረ መጣሏን አትተውም። ስለዚህ ጫጩት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አውራ መፈለግ አለበት። አንድ አውራ ለስምንት፣ ለአሥር ዶሮ ይበቃል። ለአንድ ጂ ፕላስ ፎር ሕንጻ ነዋሪዎች ግን ይበዛል፤ ይህም በየስብሰባው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው አጀንዳ ሥር ተደጋግሞ ይነሣል።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በበዓል ዋዜማ በቢላዋ ይዘጋል። የሕግ ጥያቄ የሚነሣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ዶሮ የአውራውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ይዛ መቆየት ስለምትችል፣ እርሱ በ12 ብልት ተከፋፍሎ ወጥ ከሆነ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል የምትጥለው እንቁላል የእርሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሟቹ ጎረቤት ተጠርቶ እየተበላ በሰገነቱ ላይ ወራሽ ይወለድለታል። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል።

ስለ እንቁላል መረጣ

ለማስታቀፍ የሚሆነውን እንቁላል ለመለየት ሦስት ባህላዊ ምርመራዎች አሉ። አንደኛው በፀሐይ ብርሃን ማየት ነው። ሁለተኛው ውኃ ውስጥ መክተት ነው፤ ያረጀ እንቁላል አየር ስለሚበዛበት ይንሳፈፋል። ሦስተኛው ከጆሮ አስጠግቶ መነቅነቅ ነው። እንቁላሉ ከተበላሸ ይንቦጫቦጫል፤ ደኅና ከሆነ ዝም ይላል። ደኅና መሆኑ በዚህ መንገድ ሦስት አራት ጊዜ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ደኅና መሆኑ ያጠራጥራል።

ወንዱን ከሴቱ በእንቁላሉ ቅርጽ መለየትም የቆየ ሙያ ነው። አሪስቶትል ረዘምና ሾል ያለው ሴት፣ ክቡ ወንድ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ኮሉሜላ ተቃራኒውን ጻፈ። የጫጩት ፆታ የሚወሰነው በእናቲቱ በኩል እንቁላሉ ገና ቅርፊት ሳይለብስ ነው፤ ከቅርጹ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ሁለቱም ሊቃውንት በግማሽ ያህሉ ጊዜ ትክክል ነበሩ።

ስለ ጉዞው

እንቁላል በሰፊው ጫፉ በኩል ትንሽ የአየር ክፍል አለው፤ ጫጩቱ ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚስበው ከዚያ ነው። ንዝረት ሲበዛ ይህ ክፍል ከቦታው ይላቀቃል። ስለዚህ እንቁላል ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ በጤፍ ጭድ ተደላድሎ፣ በተጣለ በሳምንት ውስጥ መጓዝ አለበት። ከደረሰም በኋላ ወዲያው አይታቀፍም፤ አንድ ቀን ያህል ያርፋል። ይህ ከመንገደኛ ጋር የሚጋራው መብት ነው።

ከፉሪ ጀሞ ያለው መንገድ ኮብልስቶን፣ ብሬከር፣ ጉድጓድና ከጉድጓዱ የሚሸሽ ባጃጅ አለበት። በሚኒባስ ውስጥ ዶሮ እግሯ ታስሮ ወንበር ሥር ትገባለች፤ ረዳቱ ከፈለገ ያስከፍልባታል። ጭን ላይ የተቀመጠ እንቁላል ግን አይከፍልም። አሥራ ሦስት ያልተፈለፈሉ ተሳፋሪዎች ከትርፍ በላይ ትርፍ ሆነው ሲጓዙ ትራፊክ ፖሊስ ቢቆጥርም አያገኛቸውም።

ርቀቱ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ ለማሻሻል ሲነሣ፣ ከምዕራብ ኦሮሚያ ዶሮ አላመጣም። በሆሮ ገበያዎች እንቁላል ተገዝቶ፣ ደብረ ዘይት ተጓጉዞ፣ እዚያው ተፈለፈለ። የሆሮ መንደር በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ሆኖ አገር አቋርጦ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያም ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ እንቁላል ጣይነቱ ጨመረ።

በፖስታ መላክስ? የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ ደብዳቤ ግን የሚቀመጠው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ባለ ሳጥኑ ቁልፉን ይዞ በወር አንዴ ብቅ የሚል ከሆነ ችግሩ ግልጽ ነው። አሜሪካኖች ከእ.ኤ.አ. 1918 ጀምሮ በፖስታ የሚልኩት የአንድ ቀን ጫጩት ነው። ጫጩት ሊወጣ ሲል የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚያስገባ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ መክረም ይችላል። ከእንቁላል ይልቅ ጫጩት ለመንገድ ይመቻል ማለት ነው። በመሆኑም የአባባሉ ንድፈ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተረጋግጧል፦ እንቁላል ሳይሰበር የሚጓዝበት አስተማማኝ መንገድ በእግሩ እስኪሄድ መጠበቅ ነው። «ቀስ በቀስ» የተባለውም ልኩ 21 ቀን ነው።

ስለ መታቀፍ

መፈልፈያ ማሽን 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ አይነካም፣ እርጥበቱ ግን ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እንቁላሉ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ውኃ ይለቃል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር መሣሪያ በገበያ አለ። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት የሚቆጣጠር ግን የለም።

ዶሮዋ ሶኬት የላትም። ቴርሞሜትር አታነብም፤ ግን ሙቀቱን ትጠብቃለች፣ እንቁላሉን በቀን ደጋግማ በመንቁሯ ትገለብጣለች፣ ለመብልና ለውኃ ጥቂት ደቂቃ ወጥታ ትመለሳለች። የግብፅ የጥንት የእንቁላል ምድጃ ባለሙያዎችም ያለ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ ሙቀቱን የሚያውቁት እንቁላሉን የዓይን ቆባቸው ላይ አስጠግተው ነው። ስለ እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1749 መጽሐፍ የጻፈው ፈረንሳዊው ሬኦሙር፣ በስሙ የሚጠራ የሙቀት መለኪያ የነበረው ሰው ነው።

በሰባተኛው ቀን እንቁላሉን በጨለማ ክፍል በሞባይል ባትሪ ማየት ይገባል፤ ሕይወት ካለው የደም ሥሮች ይታያሉ። መብራት በጠፋበት ምሽት ይህ ምርመራ ያለ ተጨማሪ ዝግጅት ይከናወናል።

ስለ ወቅቱ

ጥሩው ወቅት በጋ ነው፤ የክረምት ጫጩት ከብርዱ ቢያመልጥ ፈንግል ይጠብቀዋል፣ ከፈንግል ቢያመልጥ ጭልፊት። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ እንቁላል ከወጥ የሚያመልጥባቸው ናቸው። በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ የታቀፈች ዶሮ 21ኛ ቀኗ የሚውለው በመፃጉዕ እሑድ፣ አልጋውን ተሸክሞ የሄደው ሰው በሚታሰብበት ዕለት ነው። ጥናቱ ይህን እንደ አጋጣሚ ይመዘግበዋል። በመጋቢት የወጣ አውራ ጫጩት ለገበያ የሚደርሰው ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው፣ እንቁጣጣሽ ላይ ነው። ቀጠሮው ሲወለድ የተያዘለት ፍጡር በክፍለ ከተማው ሌላ አልተገኘም።

ማሳሰቢያ

ከላይ ከቀረቡት ግኝቶች የሚከተሉት ምክረ ሐሳቦች ይመነጫሉ፦ አውራ በሕንጻ ኮሚቴ ድምፅ እንዲኖረው፣ ድምፁም ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሰማ፤ የሟች አውራ ወራሾች እስኪወጡ ወጡ እንዲዘገይ፤ ማሽን የገዛ ሰው አንዲት ታቃፊ ዶሮ በመጠባበቂያነት እንዲይዝ።

የጽሑፉ ረቂቅ በሙያው ላይ የረጅም ጊዜ ልምድ ላላት ገምጋሚ ቀርቧል። ገምጋሚዋ ወረቀቱን በእግሯ ጫር ጫር አድርጋ ከጭዱ ጋር ካነጠፈችው በኋላ ተቀምጣበታለች። እስካሁን የሰጠችው አስተያየት እጁን ያስገባውን አጥኚ መንቆር ብቻ ነው። ሙሉ አስተያየቷ ከ21 ቀን በፊት አይጠበቅም፤ ከዚያ ግን አያልፍም።