በቆሎህን ለዱር አሳማ የምታስረክብበት መንገድ

በጂንካ ዙሪያ ባሉ የአሪ ቀበሌዎች በቆሎው እሸት ሲይዝ የሌሊት ጥበቃ ይጀመራል። የወራት ልፋትህን በአንድ ሌሊት ለዱር አሳማ ለማስረከብ ቆርጠህ እንደሆነ ጥፋቱን ከማማው ጀምር። ለእንስሳው መንገድ ሳይሆን ለራስህ ምቾት ትከለው፤ ለቤትህ ይቅረብ፣ ለመውጣትም አያድክምህ። ጠዋት የማሳውን ዳር አትዙር። ብትዞር ኮቴው፣ የቆፈረው አፈርና በአጥሩ ሥር የሾለከበት ቀዳዳ በየት እንደሚገባ ያሳዩህ ነበር። የሚያስደነግጠው ካላገኘ ደግሞ በለመደበት ይመላለሳል።

የነፋሱን ነገር እርሳው። የዱር አሳማ ዓይኑ ደካማ ነው፤ የሚመራው አፍንጫው ነው። ፀሐይ ጠልቃ ተዳፋቱ ሲቀዘቅዝ አየሩ ከጋራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ አሳማው ደግሞ ከወንዝ ዳር ጫካ ሽቅብ ይመጣል። እንግዲህ ከማሳው በላይ በኩል ተቀመጥና ትንባሆህን አጭስ። ሽታህ ቀድሞ ይደርሰውና የት እንዳለህ ያውቃል፤ አንተ በማትደርስበት ጥግ ይገባል። ማማው ከጎን በኩል፣ አየሩ ሽታህን ወደ መግቢያው በማይወስድበት ቢሆን ኖሮ እሱን ቀድመህ ትሰማው ነበር።

ከርከሮንና የዱር አሳማን አንድ አድርገህ ቁጠር። በማጎ ፓርክ ጭራውን አቁሞ የሚሮጠው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር የሚግጠው ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው፤ ሲመሽ ጉድጓዱ ይገባል። በቆሎህን የሚያወድመው የዱር አሳማ ግን በጨለማ ይወጣል። ለሁለቱም በቀን ጠብቅ፣ ሌሊት ተኛ።

አይ፣ ሌሊት እጠብቃለሁ ካልህም ትዕግሥትህን ቶሎ ጨርሰው። ገና ሲመሽ ጩህ፣ ጅራፍ አጩህ፣ በወንጭፍ ድንጋይ አዝንብ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ድምፅህ ሲዘጋ ጋቢህን ተከናንበህ ተኛ። የአሳማው መንጋ ጸጥታውን ይጠብቃል፤ ከአንተ ይልቅ ጊዜ አለው። ከጎረቤት ጋር ተራ አትግባ። ልጅህን ብቻውን ማማው ላይ አሳድረውና ነጋ ሲል ወደ ትምህርት ቤት ላከው። እኔን ከጠፋው እሸት ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ሲከላከል የዋለ ልጅ ሌሊቱንም ከአሳማ ጋር ሲያድር ለፊደል የሚተርፍ ዓይን አይኖረውም። አራት አምስት ቤት ተራ ቢገባ ግን ሌሊቱ ለማንም አይከብድም።

በመጨረሻ የጥበቃውን ውጤት በተገደለ አሳማ ለካው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ሥጋውን አይበላም፤ ገበሬው የሚፈልገው በቆሎው ሳይነካ ቆሞ እንዲያድር ነው። አንተ ግን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ መከልከሉን ችላ ብለህ ጠመንጃ አንሳ። ኮሽ ባለበት ሁሉ ተኩስ፤ ከበቆሎው ማዶ የጎረቤትህ ማማ እንዳለ አታስታውስ። ካቆሰልኸውም ሰው ሳትጠራ ባትሪ ይዘህ፣ ደሙን ተከትለህ ቁጥቋጦ ውስጥ ግባ። የቆሰለ አውራ አሳማ ዞሮ ይገጥምሃል፤ ክራንቻው ጭን ይሰነጥቃል። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጂንካ ሆስፒታል የሚያወርዱህም እነዚያው ተራ ያልገባሃቸው ጎረቤቶችህ ናቸው፤ በዚያ ሌሊት የእነሱም ማሳ ያለ ጠባቂ ያድራል።