ከወለል በታች

የመኪናን የኋላ ዕቃ መጫኛ በኮምፔርሳቶ ደርቦ፣ ሞኬት አልብሶ፣ አምፕሊፋየሩን ከሥሩ መቅበር አርቆ አሳቢነት ነው፤ ሌባ አያየውማ። ወፍራም ድምፅ ቆርቆሮን ንቆ ስለሚያልፍ ጭሮ ከተማ የተደለቀው ሙዚቃ ሒርና ድረስ ቢሰማ ምን ገዶ? ሌባ በጆሮው ሰርቆ አያውቅም። «ስኮርታውና ክሪኩስ?» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። እነሱም እዚያው ከሥር በክብር ተቀምጠዋል። ጎማው የፈነዳበት ሰው ወለሉን በመፍቻ ፈትቶ ያወጣቸዋል፤ መፍቻው ያለው ደግሞ ከወለሉ በታች ነው።

የድሬዳዋ መንገድ ፈታሽ በበኩሉ ኮንትሮባንድ በድርብ ወለል ሲያልፍ ስለኖረ፣ ወለሉን አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ ከሰማ ይጠይቃል። «ሙዚቃ ነው» ይባላል። እንግዲያው ማስረጃው ይጫወት! ግን ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሲያስደልቅ አድሮ ሞቷል፤ ስለዚህ ፈታሹ ከምርመራው በፊት መኪና ይገፋል።