ክንፍ ያበቀለች ታክሲ

ጡረታ የወጣ ሚኒባስ ኮልፌ ውስጥ ሁለት ዕድል አለው፦ ተፈታትቶ መለዋወጫ መሆን ወይም ቡና መሸጥ። የእህቴ ባል ለገዛት ታክሲ ሁለተኛው ደርሷታል። ቡናማ ቀለም ቢቀባትም ጠርዝ ጠርዟ ላይ ሰማያዊው ብቅ እያለ ያሳጣታል። እስከ ዛሬ "ጦር ኃይሎች ናት?" ብሎ አንገቱን የሚያስገባ አይጠፋም። አንዱማ ገብቶ፣ ቡናውን አዝዞ፣ ጠጥቶ ሲያበቃ ሒሳብ ሲጠየቅ "ወራጅ አለ!" ብሏል።

መኪናዋን ቡና ቤት ያሰኛት ጎኗ ነው። ግድግዳው በፍሌክስ ተቆርጦ፣ ዙሪያውን ቱቦላሬ ተበይዶለት፣ ከላይ በማጠፊያ ተይዞ ወደ ላይ ይነሳል። ሲነሳ ለጠጪው ጥላ፣ ሲወርድ ለባለቤቱ በር ነው። ሰፈሩ "ክንፍ" ይለዋል። ክንፍ ማውጣትስ ደግ ነበር፤ ግን ማታ ማታ መታጠፍ አለበት፣ ታጥፎም መቆለፍ።

በያጁ እጁ የተባረከ ነው፤ ችኩል መሆኑ ነው እንጂ። የጋለ ላሜራ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ነጠብ ነጠብ እያደረጉ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ካልዘለሉ ይጣመማል። እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀበት። ክንፉ በግራ ጥጉ እንዳኮረፈ ልጅ ከንፈር ወደ ውጭ ወጣ። በዚያ ላይ ዝናብ እንዳይገባ ዙሪያውን የተለጠፈው ጎማ አዲስ ስለሆነ ገና አልተጨፈለቀም፤ ክዳኑን መልሶ ይገፋዋል። የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሊያገኘው አልቻለም።

"ፀሐይ ነው" አለ በያጁ፤ "ብረት ቀን ቀን ይረዝማል።"

ሒሳቡን ሠራሁለት። ሁለት ሜትር ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ምላሱ የሳተው ደግሞ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ነበር። ፀሐይ በነፃ ተሰናበተች። በያጁ ግን ይግባኝ ጠየቀ፦

"ወንድሜ፣ የመጽሐፉ ብረትና የመርካቶው ብረት አንድ ናቸው?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ጉድ ያሰኘን ሌላው ነው። ሲፈታ ሲታሰር ውሎ፣ ጋራዥ ውስጥ "ቀጭ" ብሎ የተቆለፈው ክንፍ ቡና መሸጫው ቦታ ሲደርስ እንቢ ይላል። መኪናዋ የምትቆመው ዳገት ላይ ነው፤ አንድ ጎማዋ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ አፈር ላይ። ውስጧ በርሜል ውኃ፣ የጋዝ ሲሊንደርና እህቴ አሉ። ጎኗ የተቦደሰ መኪና እንዲህ ዘንበል ስትል ገላዋ በጥቂቱ ይጠማዘዛል፤ ያቺ ጥቂት ለቁልፍ ብዙ ናት። ጋራዡ ወለል ላይ ባዶዋን ቆማ የተስተካከለ ቁልፍ የሚያገለግለው ጋራዡን ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ምክር ዘነበ። ምክሩ አንድ ዓይነት ነበር፤ ለአጠና ተራ ቅርብ የሆነ ሰው ሌላ ምን ይምከር? አንድ ጋሼ ከደጃቸው አንድ አጠና ነቅለው መጡና "በዚህ ከታች ወጥሩት፣ የምን ቁልፍ ነው!" አሉ።

ልስቅ ነበር፤ ታሪክ ግን ከእሳቸው ጋር ነው። የድሮ ነገሥታት ድንኳን ይተክላሉ፣ አገሩ ሲራቆት ጠቅልለው ይሄዳሉ። ፈረንጅ ዛሬ ጎማ ባለው ቤት፣ ጎኑ ላይ ሸራ እየዘረጋ የሚዝናናበትን ኑሮ እነሱ በበቅሎ ኖረውታል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙ ሳትቆይ ማገዶ አለቀባትና ምኒልክ ፊታቸውን ወደ አዲስ ዓለም አዞሩ፤ እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ኋላ ግን አጠና የሚሆነው፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አደገና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ለቤተ መንግሥት የታሰበው የአዲስ ዓለም ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋና ከተማ ወጥሮ ያስቀረ እንጨት የሚኒባስ ክዳን ያቅተዋል ብሎ መከራከር አይመችም።

የተገላገልነው በእህቴ ነው። "እናንተ ስትከራከሩ ቡናው ፈላ" ብላ ከጀበናው ቂጥ ጥላሸት በጣቷ ጠረገችና የቁልፉን ምላስ ቀባችው። ክንፉን አውርደን ገፋነው፣ መልሰን አነሳነው። ምላሱ የነካበት ቦታ ላይ ጥቁር ምልክት ቁጭ ብሏል፤ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቀኝ። በያጁ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ቀዳዳውን ከመንካቱ በፊት ላይኛውን ማጠፊያ ላላ አድርጎ ክንፉን ቀና አደረገ፤ የሚያረግደው ማጠፊያ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ ቁልፉን ይወቅሳል። ቀጥሎ የምላሱን መቀበያ ፈትቶ የቡሎኖቹን ቀዳዳ በሊማ ሞላላ አደረገና ትልልቅ ሮንዴላ አስገባ፤ አሁን ወዲያም ወዲህም ይንሸራተታል። ዳዶውን ያጠበቀው እዚያው ዳገቱ ላይ፣ በርሜሉ ሞልቶ፣ እህቴም ከነጀበናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ጎማው ተጨፍልቆ ሲለምድ ደግሞ መቀበያውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው።

"ቀጭ" አለ። በያጁ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና "ዛሬ በርዷል" አለ።

የቀረው የጋሼ አጠና ነው። ማታ ሊወስዱት ሲመጡ ክንፉ ተቆልፎ አጠናው ውስጥ ነው፤ ጠዋት ሲመጡ ደግሞ ክንፉን ደግፎ ሥራ ላይ ነው፤ ክዳኑን እንዲያነሳ የተገዛው በጋዝ የሚሠራ ዘንግ ነፋስ አይችልም። በመጨረሻ በኪራይ ተስማሙ፦ በየጠዋቱ አንድ ስኒ፣ ስኳር በዛ ያለበት። ነፋስ ያለ ቀን ሁለት።