የኮሮላዬ ጎሚኒ

የሚያንኳኳው ከፊት በግራ በኩል ነው። ጠዋት ከግቢ ስንወጣ የበሩን ደፍ ስታልፍ አንዴ «ጓ»፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ «ጓ ጓ ጓ»፣ አስፋልት ስንይዝ ጸጥ። አስፋልት ላይ ጸጥ ስለምትል እኔም እረሳዋለሁ፤ ማታ ስመለስ ኮብልስቶኑ ያስታውሰኛል። እንዲህ ስንል ክረምቱ አለቀ። ከመስቀል በኋላ ግን ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ይስብ ጀመር፤ የፊት ጎማዋም በውስጥ ጠርዙ በኩል ብቻ ተበልቶ ተበልቶ ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ «ይህች መኪና አንድ ቀን እግሯን መንገድ ላይ ትጥላለች» ትለኝ ነበር። እሷ እንዲህ ያለችው ነገር ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች። «ሸጠህ ሌላ አትገዛም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ወዳጄ፣ በምን ሒሳብ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን ከእኔ ቢጤው አቅም በላይ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩንም ዋጋ ጠይቄ አመስግኜ ወጥቻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዋጋው ቢደርስልኝም ልሸጣት አልፈልግም። ልጄን ከተወለደችበት ሆስፒታል ያመጣኋት በዚህች መኪና ነው፤ አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት ያደረስኩትም በእሷ ነው።

የአጥር ጎረቤቴ የአሰብን መንገድ በተሳቢ ሲመላለሱበት የኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። አንድ ማታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ስገባ ሰሙኝ። «ልጄ፣ ይሄ ጎሚኒ ነው» አሉኝ፣ ገና ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። በማግስቱ ጋቢያቸውን አስቀምጠው ከመኪናዋ ሥር ተጋደሙና በብራቾውና በሻንሲው መካከል ወፍራም ካቻቢቴ አስገብተው ፈልቀቅ ሲያደርጉት፣ ላስቲኩ እንደ አፍ ተከፈተ። «አየኸው? አልቋል። ቀኙም ከዚህ አይሻልም።»

ብራቾ ከሻንሲው ወደ ጎማው የሚዘረጋው የብረት ክንድ ነው። በጎማው በኩል ያለው ጫፉ በቴስቲና ይያያዛል፣ በሻንሲው በኩል ደግሞ በሁለት ጎሚኒ። ጎሚኒው ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ በመሐል ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የኮሮላ የፊት እግር በአሜሪካዊው መሐንዲስ በኧርል ማክፈርሰን ስም የሚጠራው ዓይነት ስለሆነ ከላይ ሁለተኛ ብራቾ የለውም። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ ጎማውን ወደ ኋላ የሚገፋውን ጉልበት ዋናውን ድርሻ የሚችሉት እነዚያ ሁለት ላስቲኮች ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ብራቾው ያለቦታው ይወዛወዛል፣ መሪው ይስባል፣ ጎማው ይበላል፣ ኮብልስቶኑም ይናገራል።

ጋራዥ ጠይቄ ነበር። የዕቃውን ሳይጨምር የእጅ ብቻ ብለው የነገሩኝን ስሰማ፣ ቁልፍ አለኝ፣ ክሪክ አለኝ፣ ጎረቤቴ አሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ የለኝም አልኩ። ባለቤቴ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለች። እንዲህ ያለችው ያለምክንያት አይደለም፤ የዘመዴ ልጅ ሊያገባ ነውና እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዤ ለመሄድ ቃል ገብቼ ነበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ሊሉ የሚሄዱት በእኔ ኮሮላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። የጎማውን ዳዶዎች ገና መሬት ላይ እያለች ላላ አደረግን፣ ከዚያ በክሪክ አነሳናት። እኔ ልጋደም ስል ጎረቤቴ ክንዴን ያዙኝ። «ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ይዞ ሲለቅ ያየሁት አለ» ብለው ከቤታቸው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥተው ከሻንሲው ሥር አስገቡ። ያየሁት አለ ያሉት ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ፊታቸው አያስጠይቅም ነበር።

ቡሎኖቹ በ19 ቁልፍ ነው የሚፈቱት። ይፈታሉ አልኩህ እንጂ አልተፈቱም። ነጭ ጋዝ አፈሰስንባቸው፣ ቡና ጠጥተን ተመለስን፣ ቁልፉ ጫፍ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክተን አስረዝመን ተንጠለጠልንበት፤ በመጨረሻ አንዱ ድንገት ሲለቅ የእጄ አንጓዎች ከሻንሲው ጋር ተገናኝተው ቆዳቸውን እዚያው ትተው ተመለሱ። የቆጡን አወርድ ብላ ያለችኝ ባለቤቴ ተረቱን ሳትጨርስ አልኮልና ጥጥ ልታመጣ ገባች። ብራቾዎቹ ሊወጡ ሲሉ ልጄ መጣች። የኋለኛው ጎሚኒ ላስቲኩ መሐል ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ በየት በኩል እንደሚዞር ለይቶ መግባት አለበት፣ ዞሮ ከገባ መኪናዋ እንደገና መንገድ ትስታለች። ይህን ጎረቤቴ ሲናገሩ የሰማችው ልጄ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ በየጎሚኒው አቀማመጥ ልክ ብራቾው ላይ ቀይ መስመር አሰመረችበት።

ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚሸጥልህ ሰው የመኪናህን ዓመተ ምሕረት አይጠይቅህም፤ አሮጌውን አምጣ ይልሃል። መኪናዋ ግንድ ላይ ተቀምጣለች፣ ስለዚህ ሁለቱን ብራቾ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ማዳበሪያውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ የሰው ይከፍላል» አለኝ፤ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ይቅርታ ልላት ዞር ስል ማዳበሪያው አብሮኝ ዞሮ ጉልበቷን ነካት። ከዚያ በኋላ እስከ መርካቶ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ሶማሌ ተራ ጥሩ ሰው ገጠመኝ። ርካሹንም ውዱንም አውጥቶ አስያዘኝ፣ ላስቲኩን በጥፍሬ እንድጫነው አደረገኝ፤ ርካሹ እንደ ቂጣ ይደርቅ ነበር፣ ውዱን ገዛሁ። ከዚያ ቶርኖ ቤት። ጎሚኒ በመዶሻ አይገባም፤ ብትመታው የውጩ ቀለበት ይጠማል፣ ላስቲኩም ይቀደዳል። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ በፕሬስ አሮጌዎቹን ገፍቶ አወጣ፣ ቤቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፣ አዲሶቹን በሳሙና ውሃ ቀብቶ አስገባ። ከቤት የያዝኩትን ግሪስ ሳቀብለው በእጁ መለሰው። «ግሪስ ላስቲክ ይበላል፣ ጋሼ።» ከዚያ ቀዩን መስመር አይቶ ቆም አለ። «ይሄን ማን አሰመረው?» «ልጄ።» «ትባረክ» አለ፣ ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ጎሚኒዎቹን በመስመሩ ልክ አስገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁልህ። ከታክሲ ወርጄ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። ማዳበሪያው ትከሻዬ ላይ፣ ብራቾዎቹ በየእርምጃዬ እየተጋጩ፣ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር። ከኋላዬ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆራሌው የት አለ ብዬ ዞር አልኩ። መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

«አንተን እኮ ነው! ምነው ስትጠራ አትሰማም?» ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከቆርቆሮ በር ብቅ ብለዋል።

እማማ፣ እኔ ቆራሌው አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን እንዴት ይባላል? ማዳበሪያ ተሸክሜ፣ ብረት እያንኳኳሁ፣ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል? ብሰማስ፣ ቆራሌው መባል ያስቀየመኝ አይመስልም? ሠርቶ አዳሪ ሰው ነው ቆራሌው። ይህን ሳወጣና ሳወርድ እግሬ ቀድሞ ገባ።

አሮጌ የናስ ቡታጋዝ አወጡ። «የንጉሡ ጊዜ ነው። ስንት ትለዋለህ?» የዕቃው ዋጋ በምን እንደሚሰላ ከየት ልወቅ፤ እሳቸውን እንዳልበድል ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቡታጋዙን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ላይ አቀፉት። «እንዲህ ከሰጠኸኝማ ውድ ዕቃ ነው ማለት ነው። አልሸጥም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ፣ እማማ።»

«ለምን ይቀርብሃል? ጨምር!»

ጨመርኩ። እንደገና ጨመርኩ። የሰፈሩ ልጆች በሩ ላይ ተሰብስበው ክርክሩን ይከታተላሉ፤ አንዱ «ቆራሌው ተሸነፈ» አለ። ሒሳቡን ስከፍል ከጎሚኒው የተረፈኝ ብር አለቀ። እማማ ገንዘቡን መቀነታቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ፊታቸው ለሰለሰ። «ፀሐዩ በርትቷል፣ ተቀመጥ» ብለው ውሃና በሞሰብ ዳቦ አመጡልኝ። የተላጠ እጄን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልጅ አለህ?»

«አለችኝ፣ እማማ።»

«ትማራለች?»

«ትማራለች።»

«ጎበዝ። ሰው ምንም ቢልህ ሥራህን እንዳትንቅ። እሷ ትደርስልሃለች።»

ወዳጄ፣ ያን ጊዜ ሰኞ ቢሮ የምገባ ሰው ነኝ ብል ምርቃቱን የምመልስ መሰለኝ። «አሜን» ብዬ ዳቦዬን በላሁ። ስወጣ ማዳበሪያውን ራሳቸው ደግፈው አሸከሙኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሁለት ብራቾ ጠብቃ ሁለት ብራቾና አንድ ቡታጋዝ አየች። ጊዜ አልነበረም፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ብራቾዎቹን ቦታቸው መለስናቸው፣ ቴስቲናዎቹን አሰርን። የሻንሲውን ቡሎኖች ቱቦ ሰክቼ በሙሉ ኃይሌ ላጠብቅ ስል ጎረቤቴ ጮኹ። «ቆይ! እግሯ ተንጠልጥሎ አታጥብቅ!»

ይህን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ጎሚኒው እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም፤ የመሐሉ ቱቦ በቡሎኑ ተቆልፎ ይቆማል፣ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። እግሯ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከቆለፍከው፣ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ብራቾው ወደ ላይ ይነሣና ላስቲኩ ቆማ እንኳ ሳለች እንደተጠመዘዘ ይኖራል። ከዚያ ጉድጓድ ሲጨመርበት አዲሱ ጎሚኒ ዕድሜውን ሳይኖር ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኖቹን ለቀቅ አድርገን አስገባን፣ ጎማዎቹን አሰርን፣ የሰፈሩን ወጣቶች ጠርተን ወፍራም ጣውላ ደራርበን ከአራቱም ጎማ ሥር ካደረግን በኋላ በክብደቷ አስቀመጥናት። ወጣቶቹ የፊቷን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረጓት፣ እግሯ ቦታውን እንዲይዝ። ከዚያ ነው በእጅ ባትሪ ብርሃን ከሥር ገብቼ ያጠበቅኩት። የምቸኩል ሲመስላቸው ጎረቤቴ ከላይ ሆነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ጭኜ ወጣሁ። የበሩ ደፍ ዝም አለ። ኮብልስቶኑ ዝም አለ። አንደኛው ሽማግሌ «መኪናህ ጥሩ ናት» አሉኝ፤ መሪው ብቻ ቀጥ ብለን እየሄድን ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ይታይ ነበር፤ ብራቾ ወጥቶ ከገባ አላይመንት ግድ ነው፣ ያንን ደግሞ እሑድ የሚሠራ አላገኘሁም። በውስጥ ለውስጡ መንገድ ስናልፍ እማማ በራቸው ላይ ቆመዋል። በሙሉ ልብስ፣ መሪ ይዤ፣ ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ጭኜ አዩኝ። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ፣ ከዚያ ሁለቱንም ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። «ታውቃቸዋለህ?» አሉኝ ሽማግሌው። «አዎ፣ መርቀውኛል» አልኳቸው። ልጅቷም ተሰጠችን።

ሰኞ አላይመንት ገባች፣ መሪው ተስተካከለ፤ ጎማ መብላቷም ቆሟል። ቡታጋዙን ጠርጌ ነጭ ጋዝ ሞልቼ ሞከርኩት፤ ይሠራል።

የአንተም የምታንኳኳ ከሆነ ለቦሎ ምርመራ እስክትጠራ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ የፊት ጎማዋን በውስጥ በኩል እይ። ራስህ ልትሠራት ካሰብክ ከሥር ግንድ ሳታስገባ አትጋደም፣ ጎሚኒውን በመዶሻ ከመምታት ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ የብራቾውንም ቡሎን መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ አጥብቅ።