አንደኛ ገጽ ላይ እናወጣዎታለን

ግንበኛ ግድግዳው ከጠመመበት ይሰደባል፤ አፍርሶም እንደገና ይሠራል። ልብስ ሰፊ ለፋሲካ ያለውን ቀሚስ ለዳግማይ ትንሣኤ ካደረሰ፣ ሌላ ጊዜ ደጁን የሚረግጥለት የለም። የሚኒባስ ረዳት እንኳ «አሁን እንወጣለን» እያለ አንድ ሰዓት ካቆየ ተሳፋሪው ይወርድበታል። «ጎግል ላይ አንደኛ ገጽ አወጣዎታለሁ» የሚለው የኤስኢኦ ባለሙያ ግን ብፁዕ ነው። እሱ ዘግይቶ አያውቅም። ውጤቱ ካልታየ ጊዜው አልደረሰም፤ ከታየ የእሱ ልፋት ነው፤ ክፍያው ግን ወር በገባ ቁጥር ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሙያ አባቶቻችን አላገኙም እንጂ፣ ቢያገኙማ ማን ሞፈር ይጨብጥ ነበር?

እንበልና ደብረ ታቦር ላይ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ቆሟል። ባለቤቱ ከጉና ሥር ድንች እያወረዱ፣ ከፎገራ ሩዝ እያስጫኑ ያጠራቀሙትን ሁሉ ብሎኬትና ብረት ያደረጉ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ «ዘንድሮ ጎግል ላይ የሌለ ሆቴል እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው» አላቸውና አንድ ባለሙያ ላከላቸው። ወጣቱ ማኪያቶ አዝዞ (ሂሳቡን ማን እንደከፈለ አይጠየቅም)፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ስለ ኪወርድ፣ ስለ ባክሊንክ፣ ስለ ሜታ ታግ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ጋሼ ከዚህ ሁሉ ያልገባቸውን ትተው የሚገባቸውን ጠየቁ።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር መቼ ነው የሚታየው?»

«ጋሼ፣ ኤስኢኦ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ሦስት ወር ይስጡኝ።»

ሰጡት። በሦስተኛው ወር «ጎግል ገና እየተዋወቀን ነው» ተባሉ። በስድስተኛው ወር ጎግል አልጎሪዝሙን ቀየረ። በዘጠነኛው ተፎካካሪ ተነሣ። «ተፎካካሪዬማ ያ ማዶ ያለው ነው» አሉ ጋሼ በመስኮት እያመለከቱ፤ «እሱ ዌብሳይት የሚባል ነገር አያውቅም። አልጋው ግን እንደሞላ ነው።» ባለሙያውም እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ አስታወሳቸው። ሲሄድ የታየው እንቁላል ግን ሁሉም ወደ እሱ ሂሳብ ነው።

ሪፖርት እንኳ አይቀርም። በየወሩ መጨረሻ ባለ ቀለም ወረቀት ይመጣል፤ ቀስቱ ወደ ላይ ያመለክታል፤ ዕድገት 400 በመቶ ይላል። አምና ይህን ጊዜ በወር 2 ጊዜ የታየው ገጽ ዘንድሮ 10 ጊዜ ታይቷል ማለት ነው። ከ10ሩ ስድስቱን ያዩት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ማታ ማታ ሲተኙ የሆቴላቸውን ስም እየጻፉ «ወጣሁ አልወጣሁ» ይላሉ። ሁለቱን ልጆቻቸው፣ አንዱን የእህታቸው ልጅ፣ አንዱን ደግሞ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ባለሙያ። የሆቴሉን ሙሉ ስም ሲጽፉ ሆቴሉ አንደኛ ይወጣል፤ ይህም በሪፖርቱ ላይ በደማቁ ተጽፏል። ሰው የገዛ ቤቱን በር ማግኘቱም ድል ነውና እልል ሊባል ይገባዋል።

ክፋቱ፣ «ጊዜ ይፈልጋል» የሚለው ውሸት አለመሆኑ ነው። ውሸትማ ቢሆን አንድ ቀን ይጋለጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የጎግል ባልደረባ የነበረችው ማይሊ ኦዬ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ ለመቅጠር ለሚያስቡ ነጋዴዎች በቪዲዮ ስትመክር፣ ማሻሻያውን ሠርቶ ጥቅሙን ለማየት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚወስድ ተናግራለች። የእኛዎቹ ይህን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፤ «እስከ አንድ ዓመት» የሚለውን ማለቴ ነው። «ማሻሻያውን ሠርቶ» የምትለዋ ሐረግ ከሸመደዱት ውስጥ የለችም። አንደኛ ደረጃን ዋስ ሆኖ የሚሰጥ ማንም እንደሌለ ጎግል ራሱ በመመሪያው ጽፏል፤ ይህቺም የለችም። አህሬፍስ የተባለው ድርጅት በዚያው በ2017 ባወጣው ጥናት፣ አዲስ ከተከፈቱ ገጾች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንዲት የፍለጋ ቃል እንኳ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የገቡት 5.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህንንማ ለደንበኛ የሚነግር ሰው ሥራ መፍታት ያማረው መሆን አለበት።

መዘግየቱ ምክንያት አለው። የጎግል ሮቦት መጀመሪያ ገጹን መጎብኘት፣ ከዚያ አንብቦ መዝገብ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ስለዚያው ጉዳይ ከጻፉ ከሌሎች ገጾች ጋር ማመዛዘን አለበት። ማን ወደ ማን እንደሚጠቁም ያያል፤ ለዓመታት የቆየና ብዙዎች የሚጠቁሙትን ገጽ ለእንግዳ ሲል ከወንበሩ አያስነሳውም። አንዳንዱ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ይታያል፤ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ግን መቆጠር የሚጀምረው የሚነበብ ነገር ከተጻፈበት ቀን ነው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ባንክ ከገባበት ቀን አይደለም። የጋሼ ዌብሳይት ላይ ምን ተጽፏል? ፊት ለፊቱ ላይ የመዋኛ ገንዳ ፎቶ አለ፤ ዘንባባ ይታያል፤ የደብረ ታቦሩ ሆቴል ግን ዘንባባውም ገንዳውም የለውም፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሣም ጋቢ ደርቦ ነው። ከሥሩ ከሌላ ሆቴል የተገለበጠ እንግሊዝኛ ይከተላል። የመኝታ ዋጋ የሚለውን ሲነኩት «በቅርቡ ይጠብቁን» ይላል። ስልኩ አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ ቁጥር ነው፤ እሱም ሲም ካርዱን ከቀየረ ቆየ። ከበስተጀርባ ደግሞ «ደብረ ታቦር ሆቴል ምርጥ ሆቴል ርካሽ ሆቴል» የሚል የቁልፍ ቃላት ጋጋታ በሜታ ታግ ተሸጉጧል። ጎግል ይህን ታግ ለደረጃ እንደማይመለከተው እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ከተናገረ ስንት ዓመቱ! ባለሙያው ግን ሰው አክባሪ ስለሆነ ጎግልን ሐሳቡን እስኪቀይር ይጠብቀዋል።

የከተማዋ ስም ራሱ ቀላል አይደለም። «ደብረ ታቦር» ብሎ የጻፈ ሰው አልጋ ፈልጎ ይሁን ነሐሴ 13 ስለሚከበረው ቡሄ፣ ወይስ ገሊላ ስላለው ተራራ፣ ማሽን ከየት ያውቃል? አንዱ አንድ ላይ ይጽፈዋል፣ አንዱ ለይቶ፤ በላቲን ፊደል ደግሞ እንደየጻፊው ነው። እዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ሥራ ነበረው። ከባሕር ዳር መኪና ከየት እንደሚነሣ፣ ክፍሉ ሙቅ ውሃ እንዳለው፣ ጋፋት በእግር ይኬድ እንደሆነ፣ ጉናን ለመውጣት ማን እንደሚመራ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው። ሆቴሉን ጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ደግሞ በነፃ ነው። በነፃ መሆኑ ይመስለኛል ከአገልግሎት ዝርዝሩ ያስቀረው።

ደብረ ታቦርን ውጤት መጠበቅ የሚያስተምራት የለም። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሊሰብኩ የመጡትን ሚሲዮናውያን መድፍ አሠሯቸው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። በ1860 ዓ.ም መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ጋይንትንና ጨጨሆን አልፎ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል በሰው ክንድ ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ገደማ። በተፈለገበት ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ ላይ ሲመጣ፣ አልጠቀመም። የኤስኢኦ ሻጮቻችን ይህን ታሪክ በማስታወቂያ አለመጠቀማቸው ይገርመኛል፤ የግማሽ ዓመት ጥበቃ፣ ስፍር የሌለው ወጪ፣ መጨረሻው ዝም። ግን ንጉሡን ከእነሱ ጋር ማወዳደር ነውር ነው። ንጉሡ መድፉ ዛሬ የት እንዳደረ በዓይናቸው ያዩ ነበር፤ መንገድ ሲጠረግም ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር፤ መድፉ ባይተኩስ መንገዱ ቀርቷል። በእርግጥ መንገዱ እጅግ ከማማሩ የተነሣ የእንግሊዙ የናፒየር ጦርም የጂዳን ገደል የወረደው በዚያው ነው፤ ተፎካካሪ የሚጠቀምበት ማሻሻያ ማለት ይህ ነው። ከጋሼ ስድስት ወር፣ ከዘጠኝ ወርም በኋላ የቀረ መንገድ የለም። ሊለያዩ ሲነሡ ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ቢጣራ፣ በባለሙያው ስም ሆኖ ተገኘ። የይለፍ ቃሉም እሱ ጋ ነው። ቤቱን ሠርተው ቁልፉን ለግንበኛው የሰጡ የመጀመሪያው የደብረ ታቦር ሰው ሆኑ።

የዚህን ሙያ ጽናት በደንብ ያየነው ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። መንገድ ሲዘጋ ሹፌር ሥራ ያቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ይቆማል። ኤስኢኦ ግን አይቆምም! ዌብሳይቱ ያለው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ደብረ ታቦር ያለ ሰው በስልኩ ሊከፍተው ባልቻለበት በዚያ ዘመን የጎግል ሮቦት እንደልቡ ይመላለስበት ነበር። ደንበኛ ከተባለ ታማኝ ደንበኛ እሱ ነው፤ አልጋ አለመያዙ ብቻ ነው ጉድለቱ። ወርሃዊው ክፍያም «ደረጃችን እንዳይወርድ» በሚል አልተቋረጠም። ከየትኛው ደረጃ እንደሚወርድ መጠየቅ ባለጌነት ነበር።

ጋሼ በመጨረሻ የገበያ ቀን ጠብቀው ወደ ወረታ ወረዱና፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ሲኬድ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ የቆርቆሮ ታፔላ አስተከሉ። የሆቴሉ ስም፣ «ሙቅ ውሃ አለ» የሚል ጽሑፍ፣ የራሳቸው የእጅ ስልክ። ቀለም ቀቢው ቁጥሩን ሲጽፍ አጠገቡ ቆመው አንድ በአንድ አነበቡለት፤ ከዚያም እዚያው ደውለው መጥራቱን አረጋገጡ። ሁለት የጭነት መኪና ሹፌሮችን ሻይ ጋበዙ። ከሳምንት በኋላ ስልካቸው ይጮህ ጀመር፤ በወሩ መጨረሻ ላይኛው ፎቅም ተያዘ።

የዚያ ወር ሪፖርት እንደወትሮው መጣ። ቀስቱ ከገጹ ሊወጣ ደርሷል። ባለሙያውም ደወለ።

«አላልኩዎትም ጋሼ? ኤስኢኦ ጊዜ ነው የሚፈልገው።»